ሦስት ዕቃ፣ አራት ጥላ

እቴ ተሻለች፣ የእናቴ ልጅ፣ ሰላምታዬ ከኮልፌ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ብቸና ላይ አቧራውን አራግፎ ከደጃፍሽ ይድረስ። ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ያ ሰማዩ ሲያጉረመርም አብሮ የሚያጉረመርመው ጉልበትሽ ዘንድሮስ ማረሽ? እምዬስ እንዴት ናት? አሁንም ሰውን በኮቴው ነው የምትለየው ወይስ ዓይኗ ትንሽ ገለጥ አለላት? ይገዙ ከብቶቹን ብቻውን ይመልሳል? እሙስ ያቺን የፊት ጥርሷን ነቀለች? እኔ ወንድምሽ መሸሻ አካሌ ደህና ነው። ነፍሴን ከጠየቅሽኝ ግን፣ ጣራ ላይ ድመት በዘለለች ቁጥር ሦስት ጊዜ ትወጣና ሁለት ጊዜ ትመለሳለች።

አስቀድመሽ የእጅ ጽሕፈቱን እይው። ይህን የጻፈው ፖስታ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ጸሐፊ አይደለም። ያ ሰውዬ እኔ «ደህና ነኝ፣ በርበሬ ላኪልኝ» ስለው «በናፍቆት ሰይፍ ተወግቼ» እያለ ሲጽፍልሽ የኖረ ነው። ይህን ግን እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ። በማታው መሠረተ ትምህርት ሠላሳ ሰባት ሰው ተፈትነን ሦስተኛ ወጣሁ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ልጅ ሳሉ ቄስ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ አጭበርባሪዎች ስለሆኑ፣ በእኔ ቤት አንደኛው እኔ ነኝ።

አንቺም በግንቦት «ማንበብ ተማርኩ» ብለሽ በገዛ እጅሽ አራት መስመር ጽፈሽልኝ አልነበር? ይኸው ዛሬ ጠቀመን። ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። ለድቁና ተማሪውም፣ ለገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊም፣ «ከከበደሽ ላግዝሽ» ለሚል ደግ ሰውም ቢሆን። ሁለት ቀን ይፍጅብሽ እንጂ ብቻሽን አንብቢው፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ግማሹን አይደለም፣ ሁሉንም። ጨው የሚያመላልሰው ነጋዴ ሀምዱ በጆንያው አፍ ስፌት ውስጥ ደብቆ ነው የሚያመጣልሽ። ምን እንዳለበት አልነገርኩትም፤ እሱም እንዳይነግሩት የሚፈልግ ብልህ ሰው ነው።

እንግዲህ ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። መኳንንት በሕይወት አለ። ባልሽ እኔ ዘንድ ነው።

ስሙ ለውትድርና ተጽፎ ከቤቱ በጠፋ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ጫማው ተበልቶ እግሩ ቆስሎ ደጄን አንኳኳ። ይኸው አራት ወሩ ነው። የምሠራው ጣውላ ቤት መሆኑ በጀን፤ ውድቅዳቂውን እየተሸከምኩ አምጥቼ ከአልጋዬና ከግድግዳው መካከል ደረደርኩና፣ ከጀርባው አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛበት ስርጥ አበጀሁለት። ሰው ሲመጣ እዚያ ይገባል፤ ሌላውን ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ ይቀመጣል። በቀበሌው መዝገብ የእኔ ቤት «አንድ ሰው» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ በአንድ ሰው ዱቄት ሁለት ሆድ እናታልላለን። ሳል ሲይዘው እኔ ጮክ ብዬ «ሀ ሁ ሂ» እላለሁ። ግድግዳ የምንጋራት አበበች «ይህ ሰውዬ ትምህርቱ ራሱ ላይ ወጣበት» እያለች በሰፈሩ ታወራብኛለች። ታውራ። እሱ ግን ቀን በቀን የሚጠይቀኝ ስለ ራሱ አይደለም፤ ሲወጣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ትቶሽ ነውና «ተሻለች ተገላግላ ይሆን?» ይላል። እኔ ምን አውቅና! «አዎ፣ ቀንድ ያለው ጎረምሳ ወልዳለች» እለዋለሁ። በፊት በፊት ይስቅ ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልግባ። ሳልነግርሽ ብቀር ይሻለኝ ነበር፤ ግን የምጠይቅሽን ያለዚህ አይገባሽም።

ፈተናው እንዳለቀ ቀበሌው ለዙሩ መዝጊያ እያንዳንዱ ምሩቅ የእጁን ሥራ በአዳራሹ እንዲያሳይ አዘዘ። ሴቶቹ ጥልፍና ስፌት አላቸው። ለእኛ ለወንዶቹ አስተማሪያችን ፅጌ ሥዕል ላስተምራችሁ አለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ክር የቀጠነ፣ ነገር ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ሲያነጋግራት የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል። ያስተማረችን የግዑዝ ነገር ሥዕል ይባላል። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪና በእርሳስ ብቻ ልክ እንዳለ ትገለብጪዋለሽ።

ቀላል እንዳይመስልሽ። እርሳሱ በምላጭ ይቀረጻል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ እንደ ከሰል ለስላሳ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲገባ ታደርጊያለሽ። ብርሃን የመታው ወገን ወረቀቱ እንደነጣ ይቀራል፣ ቀጥሎ ሳሳ ያለ ጭረት፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ፣ ከዕቃው ሥር ደግሞ የሚወድቀው ጥላ። በጣትሽ ጫፍ አሸት አሸት ስታደርጊው ጭረቱ ይጠፋና ጭስ ይመስላል። ከተሳሳትሽ የዳቦ ልብ አድቦልቡለሽ ትጠርጊዋለሽ። የሳምንት ዳቦዬን በዚህ ጨረስኩት። መኳንንት የጠቆረውን እየለቀመ ይበላዋል፤ ሆዱ ውስጥ ስንት የተሰረዘ ማንቆርቆሪያ እንዳለ ፈጣሪ ይወቅ።

ሌሎቹ የሣሉት ኩባያ የተረገጠ ጣሳ ይመስላል። የእኔን ግን ፅጌ አየችና ከሌሎቹ ለየችው። ዐሥራ አምስት ዓመት ጣውላ ሲሰነጠቅ ያየ ዓይን የመስመርን ነገር ያውቃላ! «ጋሼ መሸሻ» አለችኝ፣ «የሚያውቁትን አይሣሉ፣ የሚያዩትን ይሣሉ። ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉና የነገሩን ስም ይርሱት። የቱ ጋ ጨለመ፣ የቱ ጋ ነጣ፣ እሱን ብቻ ይበሉ። ጥላ ደግሞ አይቆይም፤ አስቀድመው ይያዙት።» እቴ፣ ይህን ምክር ቃል በቃል ፈጸምኩት። እሱ ነው የጎዳን።

በመስከረም መጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ግድግዳውን ኖራ ቀብቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ማንቆርቆሪያዬን፣ የቆርቆሮ ኩባያዬንና አንድ ሎሚ አስቀመጥኩ። በቀራንዮ በኩል የምታዘቀዝቀው ፀሐይ በጓሮዋ መስኮት በጎን ትገባለች። መስኮቷ የምታየው አጥር ብቻ ስለሆነ መኳንንት ከመጋረጃው ወጥቶ እዚያ ሥር በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አለመንቀሳቀስ ተምሯል፣ እቴ። ከማንቆርቆሪያው ይልቅ እሱ ግዑዝ ሆኗል፤ ማንቆርቆሪያዋ እንኳ መኪና ሲያልፍ ክዳኗ ይንቀጠቀጣል። እኔ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። ስም ሁሉ ረሳሁ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ቀረ። ያየሁትን ጥቁር ሁሉ ፀሐይዋ ሳትዞር እየተጣደፍኩ ያዝኩት።

ስጨርስ ለመኳንንት አሳየሁት። «ሎሚው ምራቄን አመጣው» አለ። ቀጥሎም «ይኼ ግድግዳው ላይ ያለውስ ደመና ምንድነው?» አለኝ። «ጥላ ነው። አንተ አይገባህም፣ ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። የማን ጥላ እንደሆነ ግን ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ሥዕሉ በአዳራሹ መሀል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሎሚውን በጣቱ ሊነካ የዳዳውም ነበር። እኔ ከፊቱ ቆሜ፣ ታውቂኝ የለ፣ «እዚህ ወረቀት ላይ ይህ ዓይኔ ያላየው አንዲት ጭረት የለችም!» አልኩ። ለመጣው ሁሉ ደገምኩት። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ያሉት አባቶቻችን እኔን አይተው መሆን አለበት። አበበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና «አንተ መሸሻ፣ ማንቆርቆሪያው ይኸው ጥላው። ኩባያው ይኸው ጥላው። ሎሚዋም ይቺው ጥላዋ። ሦስት ዕቃ፣ አራት ጥላ! ይኼ የማን ነው? ሚስት አግብተህ ደብቀኸን ነው እንዴ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ዓይኔን ሳልጨፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሌን አየሁት።

መኳንንት ነበር። ራሱ፣ አንገቱ፣ ያ ሞፈር የሚሸከምበት ትከሻው። በእኔ እርሳስ፣ በእኔ ጣት ታሽቶ፣ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቁጭ ብሏል። «አዎ፣ ሙሽራዬ ናት። ድግሱ ስላልደረሰ ነው ያልጠራኋችሁ» አልኩ። ሳቁ ጨመረ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም።

ገረሱ ይባላል። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ከመሾሙ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። እስካሁንም ሲያነጋግርሽ የሚያየው ፊትሽን አይደለም፣ ትከሻሽን ነው። ወደ ሥዕሉ ተጠጋና በጣቶቹ ጥላውን ለካው። «ሙሽራይቱ ደንዳና ናት» አለ። ቀልዱ ከአፌ ጠፋ፤ «ኧረ ጓድ፣ የራሴው ጥላ ነው» አልኩ። «ያንተን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። የግራ ትከሻህ ይወርዳል። የዚህኛው ሁለቱም እኩል ናቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ቀና ብሎ «ሥዕሉ ቀበሌያችንን አልፎ ለከፍተኛው ኤግዚቢሽን ታጭቷል፤ ስለዚህ ያንተ እጅ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን። እሑድ ቤትህ እንመጣለን። እነዚያኑ ዕቃዎች አስቀምጠህ ፊታችን ትሥላለህ። ዓይኔ ያላየው የለም ብለሃል፤ ያየኸውን እኛም እንይ» አለ።

ይህ ረቡዕ ነው። እስከ እሑድ ያለውን እንዴት እንደኖርኩት አልጽፍልሽም፤ ወረቀቱም ይፈራል። መኳንንትን ላወጣው አሰብኩ፣ ያን ሳምንት የመንደሩን መውጫ ጥበቃዎቹ ይዘውታል። እሱ ደግሞ «ወጥቼ እጄን ልስጥ፤ አንተን አላስበላም» ይለኛል። ካየሁት ጀምሮ የተቆጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ቢያዝ ወደ ጦር ሜዳ፤ እኔ ብያዝ ወዴት እንደሆነ ተመልሶ የነገረን ሰው የለም። ደግሞስ ለአንቺ ምን ብዬ እጽፋለሁ? «ባልሽን በጉራዬ ሸጥኩት» ብዬ?

ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ታየኝ። አሳምሬ ከሣልኩ አራተኛው ጥላ እውነት ነበረ ማለት ነው። እጄ ራሱ ይመሰክርብናል። አበላሽቼ ከሣልኩ ግን፣ ዓይን የሌለው ሰው አየሁ ያለውን ማን ለምስክርነት ይቆጥረዋል?

እሑድ መጡ። ገረሱ፣ የቀበሌው ጸሐፊና ፅጌ። መኳንንት ከጣውላው ኋላ ገብቷል። ፀሐይዋም ጨከነችብኝ፤ እንደዚያን ቀን ጥርት ብላ ገባች። ማንቆርቆሪያው፣ ኩባያውና ሎሚው፣ ሦስቱም ጥላቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሦስት ብቻ። እርሳሴን አነሣሁ። እቴ፣ ግንድ ተሸክሜያለሁ፣ ጣውላ በጀርባዬ ተሰብሯል፤ እንደዚያን ቀን ሥራ የከበደኝ የለም። እጄ እምቢ አለኝ። መስመሩን ላጣምም ስል ራሱ ይቀናል። በግድ የማንቆርቆሪያውን አፍንጫ የታመመች ዶሮ አስመሰልኩት። ሎሚው ድንች ሆነ። ጥላውን ብርሃኑ በሚገባበት ወገን ጣልኩት፤ አንድ ደገምኩ፣ ሌላም ጨመርኩ፣ ስድስት አደረስኩት። ጸሐፊው «ይኼኛውስ?» ሲለኝ «እሱ ለጌጥ ነው ጓድ፤ ባዶ ግድግዳ ደስ አይለኝም» አልኩት።

በዚህ መካከል ከአልጋው ማዶ ጣውላው ሲጥ አለ። ሳላስበው በክርኔ ኩባያውን መታሁት፤ መሬት ላይ ተንኳኳ፣ ሎሚውም ተከትሎ ወርዶ ተንከባለለና አልጋው ሥር ገባ። ገረሱ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። እጁ ከአልጋው ሥር ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣውላ፣ ከጣውላው ወዲያ ያለው የልጆችሽ አባት ነው። «ይተዉት ጓድ፣ ይተዉት! በሦስት ዕቃ መከራዬን እያየሁ ነው፤ አንዱ እንኳ ይቅለልልኝ» አልኩ። ጸሐፊው ሳቀ። ገረሱ በዝግታ ቀና አለ፣ ሎሚውን ሳያነሣ።

ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸውና እንዲህ አልኩ። «ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ። ጥላ ማለት ጥቁር መቀባት ይመስለኛል። ዓይኔ የሚያየው፣ እጄ የሚችለው ነገር የለም። አፌ ብቻ ነው።» ጸሐፊው ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ፅጌ ዓይኗን ከወረቀቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጣውላው መለሰች። እጄን እሷ ታውቀዋለች። ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና «ጋሼ መሸሻ፣ ጥላ ገና አልገባዎትም። የመጀመሪያውም በአጋጣሚ የወጣ ነው፤ ለከፍተኛው መላክ ያሳፍረናል» ብላ ዜሮ ሰጠችኝ። ዜሮዋ ክብ አልነበረችም።

ገረሱ ይዞት የመጣውን የመጀመሪያውን ሥዕል ጠቀለለ። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀደደውም፤ ብብቱ ሥር አደረገው። ከደጁ ሲደርስ ዞረና «ጣውላህ ብዙ ነው» አለኝ። «አልጋ ልሠራበት ነው» አልኩት። «ጥሩ» አለ። ይኸው ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከወትሮው ይልቅ ሞቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ሥዕሉ እሱ ዘንድ ነው። ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም።

የሰፈሩ ሰው «ባለ ስድስት ጥላው» ይለኛል። እኔም አንድ ጊዜ እንኳ «እችላለሁ እኮ» ብዬ አልመለስኩም። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

መኳንንት ከዚህ ቤት መውጣት አለበት። እነገረሱ በመጡ በሁለተኛው ቀን ፅጌ ደጄ ላይ ቆማ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ወደ ጅማ ቡና ለቃሚ የሚጭን መኪና ኅዳር ስምንት እንደሚነሣና ሾፌሩ ስም እንደማይጠይቅ ነግራኝ ሄደች። እዚያ ከሺህ ለቃሚ አንዱ ይሆናል። እሱ ግን አልነቃነቅም ብሏል። «ወልዳ እንደሆነ፣ ወንድ ትሁን ሴት፣ እሷስ በሕይወት ትኑር፣ ሳልሰማ አልሄድም። ብሞትም ማንን ትቼ እንደሞትኩ ልወቅ» ይለኛል። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አልቅሼም አየሁ። ከጣውላ የደረቀ ሰው ነው ያገባሽው።

ስለዚህ እቴ፣ የምለምንሽ ይህን ነው። ሀምዱ ብቸና የሚቆየው ሁለት ገበያ ብቻ ነው። ሳይነሣ ሁለት መስመር ጻፊለት። የመኳንንትን ስም እንዳትጠሪ። «ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ እንዲህ ናት» በይ፤ ወንድ ከሆነ ወይፈን፣ ሴት ከሆነች ጊደር በይ። ላሟም ደህና መሆኗን እንዳትረሺ፤ ከጥጃው ይልቅ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። ክፉ ነገርም ደርሶ ከሆነ እውነቱን ጻፊው። አነብለታለሁ፤ በዚህ አልቀልድም፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ብቻ ፍጠኚ። መልስ ሳይመጣ ኅዳር ስምንት ካለፈ፣ ያ ሰው ከጣውላው ኋላ እንደተቀመጠ ገረሱ አንድ ቀን ሎሚውን ፍለጋ ይመለሳል።

ሰላምታዬን በቃልሽ አድርሺልኝ፤ ወረቀቱ ለእሳት ነውና። እምዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፣ መሸሻ ጾሙን አልገደፈም በያት፤ ግማሹ እውነት ነው። ይገዙን አጎትህ ኮራብህ በይው። እሙን ሁለቱንም ጉንጯን ስሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለዘመነች እጅ ንሺልኝ፣ በምጥሽ ሰዓት ከጎንሽ አልጠፋችም ብዬ አምናለሁ። መኳንንት ይህን ስጽፍ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ እርሳሴ ሲሄድ ይሰማዋል። «ምን ልበልልህ?» ስለው፣ የተወለደው ማንም ይሁን ማን፣ ግንባሩን ሁለት ጊዜ ስሚልኝ ብሏል፤ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ላልመጣሁበት ቀን።

ወንድምሽ መሸሻ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 22 ቀን 1977 ዓ.ም.